ካሉባ ከማን ጋር ነው የምታወራው

የወንድሜ ሚስት ደውላ «እትዬ ቾላ፣ እባክዎ ይምጡልኝ» ስትለኝ፣ ገና ሰላምታውን ሳትጨርስ ነገሩ ገብቶኝ ነበር። እኔን ለደስታ የሚጠራኝ ሰው የለም። ሠርግ ሲሆን ይረሱኛል፤ ሴት ልጅ ዓመል ስታወጣ ግን ቁጥሬ ከማንም ቀድሞ ይገኛል። በእኛ በቤምባዎች ዘንድ የአባት እህት መሆን እንዲህ ነው። እናት ከልጇ ጋር የወንድ ነገር አታወራም፣ ነውር ነው። አባትማ ጭራሽ፣ ሴት ልጁ ካደገች በኋላ የመኝታ ክፍሏን ደፍ አይረግጥም። ስለዚህ አፍ ያላት አክስት ትፈለጋለች። አፍ ደግሞ፣ እግዜር ይመስገን፣ አልጎደለብኝም።

«ምን ሆነች?» አልኳት።

«ካሉባ ስልክ ላይ ናት።»

«ትምህርቱ በስልክ ነው ስትሉ አልነበረም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ግን ትስቃለች።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ሒሳብ ያስቃል?»

እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁ፤ ሒሳብ እንደማያስቅ ግን አውቃለሁ። ደረቅ አሣ የምሸጥበትን መደቤን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛዬን አጥልቄ፣ ከንዶላ ወንድሜ ወደሚኖርበት ወደ ሉዋንሻ የሚሄደው ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ጊዜው ወረርሽኙ መጥቶ ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተዘጉበት ዓመት ነው። ካሉባ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የመጨረሻውን ፈተና የምትፈተነው በዚያው ዓመት ነበር። ትምህርት ቤቷ «ትምህርቱን በስልክ እንልካለን» ሲል፣ ወንድሜ ካፓምፓ ወደ ዱቄት ፋብሪካው የሚመላለስበትን ብስክሌት ሸጦ በጣት የሚነካውን ዓይነት ስልክ ገዛላት። ያን ቀን ደውሎ የነገረኝ መንታ የተወለደለት ይመስል እየፎከረ ነው። አሁን ደግሞ ያው ሰውዬ፣ «ወንድ ካለ ሻንጣዋን ይዛ ሉዊንጉ፣ አያቶቿ መንደር ትሄዳለች። እዚያ ባል ይፈልጉላት። ፈተናም የለ፣ ትምህርትም የለ» ብሏል አሉ። ካፓምፓን አውቀዋለሁ። ቀስ ብሎ ይናገራል እንጂ ያለውን አያስቀርም። እንግዲህ የልጅቷ መማርና አለመማር እኔ አይቼ በምናገረው ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ግቢው ስደርስ ካሉባ ከቤት ወጥታ ተንበረከከች፣ መዳፎቿንም ቀስ አድርጋ እያጨበጨበች ሰላም አለችኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሳለች። ክራቫት ሳይቀር! ጸጉሯም አዲስ ተሠርቷል። ቤት ውስጥ ለተዘጋበት ሰው ክራቫት ምን ያደርግለታል? ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣመኝም።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ማዮሴንጌ» አለችኝ። የአባቷን እህት እንዲህ ነው የምትጠራው።

«ተነሺ እስቲ ልይሽ።»

ሆዷን አየሁ፣ አንገቷን አየሁ፣ ዓይኗን አየሁ። ሆድ የለም፤ እንዲያውም ጉርዷ ወገቧ ላይ አልይዝ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተጠፍሯል። ደግሞ ይሄም አላሳመነኝም። በመጀመሪያው ወር ሲያስመልሳት ውላ የምትከሳ ሴት ስንት አለች።

«ምን እየበላሽ ነው እንዲህ ክስት ያልሽው?»

«ክፍል አለኝ፣ ማዮሴንጌ» አለችና ክፍሏ ገብታ በሩን ቆለፈችው። እኔን! ከንዶላ ድረስ የመጣሁትን ሴትዮ!

እናቷ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ። ባና ካሉባ ነው የምንላት፣ የካሉባ እናት፤ የራሷን ስም ማን ያስታውሰዋል።

«አዩልኝ? ጠዋት ትታጠባለች፣ ትለብሳለች፣ ትቆልፋለች። ምሳ ስላት ክፍል አለኝ። ራት ስላት የቤት ሥራ አለኝ። ስልኩን ታስነካለች መሰለዎት? ማታ ማታ ቻርጅ ሰክታ ትራስጌዋ ታስተኛዋለች።»

«አንቺ እናቷ አይደለሽም? ግቢና ተቀበያት!»

«ገብቼ ምን ልላት? የወንድ ነገር ቢሆንስ? እኔ ልጄን ስለ ወንድ ልጠይቃት? ኧረ እሱ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«ሥራዬማ ነው። ደመወዙ ነው የጠፋብኝ።»

ለራት የሚሆን የስኳር ድንች ቅጠል ሰጠችኝና በርጩማዬን ይዤ ካሉባ መስኮት ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠል ቀንጣሽ ሴት ማን ይጠረጥራል? እጄ ይቀነጥሳል፣ ጆሮዬ ውስጥ ገብቷል።

«እሺ ቲቸር» ትላለች ካሉባ። ከዚያ ዝም። «አዎ ቲቸር፣ ገብቶኛል።» ዝም። ድምጿ የተማሪ ድምፅ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ተሳስተን ይሆናል ብዬ ልነሳ ስል ሳቀች። የሳቀችው ለቲቸር የሚሳቅ ሳቅ አይደለም።

«ሂድ ወደዚያ! አንተ ሁሌም ቀልድ ነው ሥራህ። ማን ነው የናፈቀህ? እኔ አልናፈቅኩህም። እሺ፣ ትንሽ።» ዝም አለችና ቀጠለች። «ነገም ትመጣለህ አይደል? እንዳትቀር። እባክህ እንዳትቀር።»

የቅጠሉ ሳህን ከጭኔ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንዴት ያለ ልመና ነው! እኔ ባሌን እንኳ እንደዚያ ለምኜው አላውቅም። የሚገርመው ደግሞ የወንድየው ድምፅ በጭራሽ አይሰማም። ጆሮ ላይ የሚሰካውን ነገር ገዝቶላታል ማለት ነው አልኩ፤ የለየለት ሌባ ነው፣ ዱካውን ያጠፋል።

አመሻሹ ላይ ካፓምፓ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፤ አቧራው ጉልበቱ ድረስ። እኔን ምንም አልጠየቀኝም፣ ወግ አይደለማ። ለሚስቱ ነው እኔ እንድሰማው አድርጎ «እንግዳችን ደክሟት ይሆናል፤ ነገ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው፣ ስመለስ ነገሩ ይለይለታል» ያላት። ካሉባ ማንም ሳይላት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥታ የአባቷን ጫማ ፈታች፤ እግሩን አጠበችው። አንገቷን ደፍታ ጣት ለጣት ስታጥብ ሌላ ሰው ቢያይ «አቤት አስተዳደግ!» ይል ነበር። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩባትም። እንዲህ የምታባብል ልጅ የደበቀችው ነገር አላት። ራት ላይ ከበቆሎ ገንፎው፣ ከንሺማው፣ ሁለቴ ቆርሳ ተነሳች፤ ያን ጊዜም ያየችው በር ላይ የተቀመጠውን የአባቷን ጫማ ነው።

ከእሷ ጋር ነው የተኛሁት። ጠዋት ልትታጠብ ስትወጣ አልጋውን ላንጥፍ ብዬ ፍራሹን ባነሳው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የስልክ ካርድ። አባቷ በየሳምንቱ እየገዛ የሚሰጣት ካርድ፣ አንዱም ሳይፋቅ፣ ተደርድሮ በላስቲክ ታስሯል። ወገቤን ይዤ ቆምኩ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? የአባቷን ካርድ ካልፋቀች ሌላ የሚሞላላት አለ። እሱ ደግሞ በነጻ አይሞላላትም። ካርዶቹን ወደ ቦታቸው መለስኩና የበሩን ቁልፍ ነቅዬ ወገቤ ላይ ባሸረጥኩት ጨርቅ፣ በቺቴንጌዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

መብራት ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። የእኔ ስልክ ጠዋት ሞተ። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ የሁሉም ሞቷል። ካሉባ ግን ቁርሷን ሳትነካ፣ ክራቫቷን አስራ፣ «ቅዳሜ ለተፈታኞች ማጠናከሪያ አለ» ብላ ገባች። ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ «እሺ ቲቸር» ሲል ሰማሁ ድምጿን።

ባና ካሉባን አየኋት፣ አየችኝ።

«በምን መብራት?» አልኳት።

«ያንን ባትሪ መሙያ ጡብ የመሰለውን ነገር ሰጥቷት ይሆናል፤ ሀብታሞች ይይዙታል» አለችና አለቀሰች። «ትልቅ ሰው ነው እትዬ። ሚስት ያለው ነው። ልጄን ጨረሳት።»

ከዚያ ወዲያ መታገሥ አልቻልኩም። ካፓምፓ ሊደርስ ነው፣ እሱ ሳይመጣ ሰውየውን በስሙ ማወቅ አለብኝ። በሩን በርግጄ ገባሁ።

ካሉባ አልጋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ስልኩን ፊቷ ላይ ይዛለች። አየችኝ። ትደነግጣለች ስል ወደ ስልኩ ዞር ብላ «ይቅርታ ቲቸር፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው መጣብኝ» አለች።

«ቲቸር ነው? እስቲ እኔም ቲቸርን ሰላም ልበለው!» ብዬ መነተፍኳት። «ሃሎ! አንተ ዋልጌ! የሰው ልጅ በክፍሏ ስታስለቅስ፣ ስታስቅ የምትውል! ስምህን ተናገር! አክስቷ ነኝ፣ ቾላ ነኝ፣ ንዶላ ገበያ ብትጠይቅ ይነግሩሃል!»

ጸጥ አለ። ፈሪ! አልኩ በሆዴ። ጆሮዬ ላይ ያለው ስልክ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ብዙ የተወራበት ስልክ ይሞቃል፤ ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው። አውርጄ አየሁት። ጥቁር። መስታወቱ ሥር የደረቀ የሳሙና ውሃ አሻራ አለበት። ቁልፉን ተጫንኩ። ያኛውንም ተጫንኩ።

«ለምን አጠፋሽው?»

«አላጠፋሁትም።»

«አብሪዋ ታዲያ!»

«አይበራም፣ ማዮሴንጌ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። ልብስ ሳጥብ ኪሴ ውስጥ ረስቼው ነበር።» ድምጿ ሲወጣ እንኳ አይሰማም። «አደረቅኩት። ፀሐይ ላይ አደረግኩት፣ ሩዝ ውስጥ ከተትኩት። በየማታው እሰካዋለሁ።»

«አሁን ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

አቀርቅራ የጉርዷን መርፌ ቁልፍ ነካካች።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ወንድ ባገኝ ይሻለኝ ነበር፤ ወንድ ማባረር አውቃለሁ። ከሌለ ሰው ጋር የምታወራ ልጅ ምን እንደሚደረግ ማንም አላስተማረኝም። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ያኔ ክንዴን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ማዮሴንጌ፣ ወንድ ነው ይበሏቸው።»

«ምን?»

«ወንድ አለ ይበሏቸው። የፈለጉትን ስም ይስጡት።»

«አንቺ ልጅ፣ ነክቶሻል እንዴ? ሉዊንጉ ይሰዱሻል እኮ! ፈተናው ቀረ! ባል ይሰጡሻል!»

«አውቃለሁ። ሰምቻለሁ።» እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። «በወንድ ቢቆጡ ተቆጥተው ያበቃል። የሁሉም ሰው ልጅ ይሠራዋል። ይሄን ግን እንዴት ነው የምነግራቸው? በየጠዋቱ ገና ሳይነጋ የአባዬ ጫማ በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ እሰማዋለሁ። ብስክሌት አይደለም፣ ጫማ ነው። በየቀኑ እሰማዋለሁ። ካርዱንም ሲሰጡኝ ‹ጎበዝ፣ በርቺ› ይሉኛል።»

አንጀቴን በላችው። በላችው ስል ደግሞ ተናድጄም ነው፤ በእሷ አይደለም፣ በራሳችን ነው የተናደድኩት። እናት አትጠይቅም፣ አባት አይገባም፣ አክስት ከሌላ ከተማ ትጠራለች! አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ይሄን በር ከፍቶ «እስቲ ስልኩን አሳዪኝ» ቢላት ኖሮ ልጅቷ እዚህ ባልደረሰች።

ግቢው ውስጥ የካፓምፓ ድምፅ ተሰማ። በወጉ መሠረት ወጥቼ ለእናትየው በጆሮዋ መንገር፣ እሷ ለባሏ፣ እሱ ደግሞ ተቀምጦ መፍረድ ነበር። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ጮህኩ።

«ካፓምፓ! ና ወደዚህ!»

«የት?»

«የልጅህ ክፍል!»

ከዚያ ኮሪደሩን ይዞ መጣና ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። ሚስቱ ከኋላው አፏን በእጇ ይዛለች።

«እህቴ፣ ነውር ነው።»

«ነውሩን ለእኔ ተወው። ግባ!»

«ወንድ አለ? አንድ ቃል ንገሪኝ። አለ ወይስ የለም?»

ካሉባ ክንዴን ጨመቀችው። አንድ ቃል ነው የጠየቀኝ፤ አለ ብል ልጅቷ የፈለገችው ይሆንላታል፣ ፈተናዋም እዚያው ያበቃል።

«የለም» አልኩት። «ወንድ የለም። ግባና የሆነውን እየው።»

ገባ። አገባቡ ትኩስ አመድ የሚረግጥ ሰው አገባብ ነበር። መጀመሪያ መስኮቱን አየ፤ አላመነኝማ። ከዚያ ስልኩን እጁ ላይ አኖርኩለት። በዚያ ዘይት በጠገበ አውራ ጣቱ ቁልፉን ተጫነ፣ ይዞ ቆየ፣ ደግሞ ተጫነ። የፋብሪካው መካኒክ ነው፤ የሞተ ዕቃ ሲያይ ያውቃል። መንጋጋው ሲጠብቅ አየሁ። አሁን ሊጮህባት ነው ብዬ በመሀላቸው ልቆም ተነሳሁ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?» አላት። ስንት ዘመን ከ‹በርቺ› ያለፈ ነገር በእናቷ በኩል ካልሆነ የማያናግራት ሰው፣ በቀጥታ እሷን።

«ገና እንደገዙልኝ ነው» አለች ካሉባ መሬት መሬት እያየች። «አጠፋሁ።»

«ከማን ጋር ነው ታዲያ የምታወሪው? ድምፅሽን በየቀኑ ስንሰማው የኖርነው?»

«ከክፍሌ ልጆች ጋር።»

«ስልኩ አይሠራም እኮ።»

«አውቃለሁ አባዬ። አላበድኩም።» ጣቷን ክራቫቷ ላይ ትጠመጥማለች። «ቤት ውስጥ ከተሰማ እየተማርኩ ነው ትላላችሁ ብዬ ነው የጀመርኩት። ቲቸር ሲሙኮንዳን አወራዋለሁ፣ ያንን ቀልደኛውን ቻንሳን አወራዋለሁ፣ ምዊላን አወራታለሁ። እነሱ የሚሉትን እኔው ነኝ በሆዴ የምመልሰው። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነበር። ሁሉም ይመልሱልኝ ነበር። አሁን አሁን ግን ምን እንደሚሉ አይመጣልኝም። ድምፃቸው ጠፋብኝ። ብለምናቸውም እንቢ አሉኝ።»

ባና ካሉባ ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ካፓምፓ ግን አልጮኸም። ዝቅ ብሎ ሲሚንቶው ላይ፣ የልጁ እግር አጠገብ፣ ከነአቧራው ተቀመጠ። እኔ ወንድሜን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወደ ልጁ ቀና አለ።

«ምዊላ ያልሽው የማን ልጅ ናት?» ሲል ካሉባን ጠየቃት፤ መልሱን ግን ሚስቱ ነበረች የሰጠችው።

«ከእኔ ጋር መዘምራን ውስጥ ያለችው ሴትዮ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ወዲህ አልተያየንም።»

«ቁጥሯ አለሽ?»

ያቺ የባና ካሉባ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ አንዴ ከተሞላች ቀናት ትቆያለች፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ የላትም። ቁጥሩን ፈልጋ ደወለችና ድምፅ ማጉያውን ነካችው። ጠራ። ጠራ። የምዊላ እናት አነሳች፤ ባና ካሉባ «ምዊላን ስጪኝ፣ እባክሽ ፈጥነሽ» አለቻት። ካፓምፓ ስልኩን ተቀብሎ ለልጁ ሰጣት።

«ሃሎ?» አለ የልጅ ድምፅ፣ ፈጠን ፈጠን የሚል። «ማን ነው?»

ካሉባ አፏን ከፈተች። ስንት ሳምንት ሙሉ ለዚያ በድን ስልክ ስትስቅለትና ስትለማመጠው የነበረች ልጅ፣ አንዲት ቃል አልወጣት አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሃሎ? ካሉባ ነሽ? ኧረ ካሉባ ከሆንሽ ተናገሪ! በእናትሽ የት ጠፋሽ? ስንት ጊዜ ደወልንልሽ! ሃሎ? አይሰማም መሰለኝ፣ ልዝጋው…»

ካፓምፓ ከተቀመጠበት በጉልበቱ ተነሥቶ ስልኩን ከነእጇ ያዘው፤ አፉንም አስጠጋ።

«አትዝጊው፣ ልጄ» አላት። «አለች። እዚሁ አጠገቤ ናት። ትንሽ ጠብቂያት።»